አይኤልትስ፦ ዓረፍተ ነገሬን የት ጋ ልቁረጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። የጨነቀኝ የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መመዘኛ ፈተና) የጽሑፍ ክፍል ሁለተኛው ጥያቄ፣ ድርሰቱ ነው፦ 40 ደቂቃ፣ ቢያንስ 250 ቃል። 5 ደቂቃ ለእቅድ፣ 30 ለመጻፍ፣ 5 ለማረም እመድባለሁ። መግቢያውና መደምደሚያው አያስቸግረኝም፤ የሚበላሸው መሀሉ ነው።

በአማርኛ «መንገዱ ተሠርቶ፣ ገበሬው እህሉን ጭኖ፣ ከተማ ወስዶ ሸጠ» ብንል ያምራል፤ ማሰሪያ አንቀጹ («ሸጠ») መጨረሻ ላይ መጥቶ ቦዝ አንቀጾቹን («ተሠርቶ»፣ «ጭኖ»፣ «ወስዶ») ሁሉ ይሰበስባቸዋል። ያንኑ በእንግሊዝኛ ስጽፈው በኮማ የተንጠለጠለ የ45 ቃል ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ ባለቤቱም መሀል ላይ ይጠፋል። በየግሱ አራት ነጥብ ሳስገባ ደግሞ ቁርጥራጭ ይሆንብኛል። እሱን ለማያያዝ በየመነሻው «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር» (ሁለቱም «በተጨማሪም» ማለት ናቸው) እደረድራለሁ፤ የሐሳብ ትስስር ከአራቱ የነጥብ መስፈርቶች አንዱ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ልማዳዊ ድርደራ ነጥብ ያስቀንሳል።

ሌላው ችግሬ አንቀጹ (ፓራግራፉ) ነው። መነሻዬ «መንገድ የገበሬውን ገቢ ያሳድጋል» ከሆነ፣ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የመኪና አደጋ ውስጥ እገባለሁ። አደጋውም እውነት ነው፤ ቦታው ግን እዚያ አይደለም። አሁን በእቅዱ ጊዜ ለየአንቀጹ አንድ ሐሳብ፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ ምሳሌ ብቻ እየጻፍኩ የቀረውን እሰርዛለሁ። ይሻላል፤ ግን 230 ቃል ላይ ያልቅብኛል።

እባካችሁ የምታውቁ፦ የጎደለውን ከ20 እስከ 30 ቃል ምክንያቱን በማብራራት ልሙላው ወይስ ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር? ረጅሙን ዓረፍተ ነገርስ ሁለት ቦታ ስቆርጠው፣ ያለ አያያዥ ቃል ሐሳቡ እንዲቀጥል የምታደርጉት እንዴት ነው?