በሴፕቴምበር ተፈርሞ በኦክቶበር የተረከቡት ኤሌክትሪክ መኪና፦ የ7,500 ዶላሩ ክሬዲት አለ ወይስ አለፈ?

የአውሮራ ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ለአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ከፌዴራል ታክሱ ላይ ስለሚቀነሰው 7,500 ዶላር ነው። መኪናው አዲስ ሼቭሮሌት ኢኩኖክስ ኢቪ ነው፣ የ2025 ሞዴል፣ በብድር የተገዛ። ውሉ የተፈረመው ሴፕቴምበር 24 ቀን 2025 ነው፤ በዚያው ቀን 500 ዶላር ቀብድ በካርድ ተከፍሏል። የተመረጠው ቀለም ግቢ ውስጥ ስላልነበረ ርክክቡ ኦክቶበር 11 ሆነ። ዲለሩ (መኪና ሻጩ) «ሴፕቴምበር 30 አልፏል፣ የፌዴራሉ ክሬዲት ቀርቷል» ብሎ ከዋጋው ላይ ምንም አልቀነሰም። የ2025 ታክስ ሊሞላ ነው። እውነት ቀርቷል? መኪናው 60 በመቶ ኡበር ይሠራል። የኮሎራዶ ክሬዲትና የብድሩ ወለድ ጉዳይስ?

ታክስ ሠሪ

ወንድሜ፣ አልቀረም። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ክሬዲቱን የዘጋው ከሴፕቴምበር 30 በኋላ ለተገዙ መኪኖች ነው። ግዢው ተፈጸመ የሚባለው ደግሞ አስገዳጅ የጽሑፍ ውል ተፈርሞ ክፍያ በተደረገበት ቀን እንደሆነ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) በማብራሪያው አስቀምጦታል። ክፍያው ትንሽ ቀብድ ቢሆንም፣ አሮጌ መኪና በለውጥ መስጠትም ቢሆን ይበቃል። ርክክቡ ዘግይቶ ኦክቶበር መግባቱ ክሬዲቱን አያጠፋውም፤ የሚጠየቀውም በተረከብክበት ዓመት፣ ማለትም በ2025 ታክስ ላይ ነው።

ገቢህን ደግሞ አረጋግጥ። የተስተካከለው ጠቅላላ ገቢ ለባልና ሚስት በጋራ 300,000፣ ለቤተሰብ ኃላፊ 225,000፣ ለሌላው 150,000 ዶላር ነው ጣሪያው። የ2024 ወይም የ2025 ገቢህ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ልምጣ። ዲለሩ ሽያጩን በአይአርኤስ ፖርታል ላይ ሪፖርት አድርጎ ቅጂውን ሊሰጥህ ይገባ ነበር፣ ከርክክብ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ። ያ ሪፖርት ከሌለ ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም 8936 ብትሞላም ክሬዲቱ አይሰጥህም። ፖርታሉ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ አዲስ ዲለር አይመዘግብም እንጂ ቀድሞ ለተመዘገበ ዲለር ሪፖርት ማስገቢያው አልተዘጋም። ቀኑ ስላለፈ ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቅ፤ በስልክ ብቻ አይሁን። ኢሜይሉ ለሽያጭ ሠራተኛው ሳይሆን ለፋይናንስ ማናጀሩ ይሂድ፤ ውሉንና የ500 ዶላሩን ደረሰኝ አያይዝ።

ስምህን በደንብ አስጽፍ። የእኛ ሰው ስም ላይ የአባትና የአያት ስም ቦታ እየተቀያየረ ብዙ ችግር ይፈጠራል። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው ስም ሶሻል ካርዱ ላይ እንዳለው፣ ቁጥሩም የዚያው ሰው መሆን አለበት። ባለቤትህ የተለየ ስም ስላላት መኪናው በእሷ ስም ሆኖ ሪፖርቱ በአንተ ሶሻል እንዳይገባ። የቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ) 17ቱንም አንድ በአንድ አመሳክር።

የአውሮራ ሹፌር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አለ፦ በርክክቡ ቀን ኦክቶበር 11 የሚል ሌላ የግዢ ወረቀትና የብድር ውል ተፈርሟል።

ታክስ ሠሪ

ይሄ የተለመደ ነው፤ ብድሩ የሚዘጋው መኪናው ሲመጣ ስለሆነ አዲስ ወረቀት ያትማሉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርገህ አንብብ። በመጀመሪያው ላይ የመኪናው ዓይነት፣ ዋጋውና የሁለታችሁ ፊርማ ካለ፣ ቀብዱም በሁለተኛው ላይ እንደተከፈለ ሆኖ ከተቀነሰ ጥሩ ማስረጃ ይዘሃል። ሁለተኛው ላይ «ከዚህ በፊት የነበረውን ውል ሁሉ ይተካል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ወይም ቀብዱ በፈለግክ ጊዜ የሚመለስ የቦታ መያዣ ብቻ ከነበረ ግን ነገሩ ያከራክራል። ያኔ ወረቀቱን ለሲፒኤ (ፈቃድ ላለው የሒሳብ ባለሙያ) ሳታሳይ ክሬዲቱን አትጠይቅ።

ዲለሩ እስከ ኤፕሪል 15 ካልመለሰልህ በፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘም ይቻላል። የሚራዘመው ማስገቢያው ነው እንጂ ክፍያው አይደለም፤ ያለብህን ግምት በኤፕሪል ክፈል።

ባለ 1099

ኡበር ለሚሠራ ሰው አካፋፈሉ ወሳኝ ነው፣ ብዙ ታክስ ቤት ግን ሙሉውን 7,500 የግል አድርጎ ይሞላዋል። በ60 በመቶ 4,500ው የሥራ ድርሻ ሆኖ በፎርም 3800 (የሥራ ክሬዲት ፎርም) ያልፋል፣ 3,000ው የግል ይሆናል። የግሉ ድርሻ ታክስህን ዜሮ ካደረሰ በኋላ የተረፈው ይጠፋል፤ ሪፈንድ ሆኖ አይመጣም፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አይተላለፍም። የሥራው ድርሻ ግን ያልተጠቀምክበት አንድ ዓመት ወደ ኋላ፣ ከዚያ እስከ 20 ዓመት ወደ ፊት ይሄዳል።

የ1040 ፎርም 18ኛ መስመርህ (ክሬዲት ከመቀነሱ በፊት ያለው ታክስህ) 4,600 ዶላር ነው እንበል፣ ሌላ ክሬዲት ሳይኖር። የግሉ 3,000 ይቀነሳል፣ ከሥራው 1,600 ይቀነሳል፣ 2,900 ይተላለፋል። ሁሉንም የግል አድርጎ የሞላ ሰው ያንን 2,900 ለዘለዓለም ያጣዋል።

ሁለቱም ድርሻዎች የሴልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱን (በግል የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን 15.3 በመቶ) አይነኩም። ሹፌሩ «7,500 ክሬዲት እያለኝ ለምን አስከፈሉኝ?» ብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። 60 በመቶውን የሚያሳይ የማይል መዝገብ ያዝ፤ የኡበር ማጠቃለያ ብቻውን ሁልጊዜ ሙሉውን ማይል አያሳይም።

ዴንቨር ኢቪ

በወለዱ ላይ፦ የመኪና ብድር ወለድን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚያስቀንሰው አዲሱ ቅናሽ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር፣ ከ2025 እስከ 2028 ነው፤ ግን መኪናው አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ መሆን አለበት። ኢኩኖክስ ኢቪ የሚገጣጠመው ሜክሲኮ፣ ራሞስ አሪዝፔ ነው። ለ7,500ው ሰሜን አሜሪካ መሆኑ በቂ ነበር፣ ለወለዱ ግን አይበቃም። የቪን ቁጥሩን መጀመሪያ እይ፦ 1፣ 4፣ 5 እና 7 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ ነው። ያንተ በ3 ይጀምራል፤ ስለዚህ የግል ድርሻው ወለድ አይቀነስም። የሥራው 60 በመቶ ወለድ ግን ከዚህ ሕግ ጋር አይገናኝም፣ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት ፎርም) ላይ ይቀነሳል፤ በ2025 በማይል የሚቀነሰውን 70 ሳንቲም ብትጠቀምም ይቀነሳል።

ኮሎራዶ በ2025 ለተገዛ 3,500 ዶላር ይሰጣል፣ በ2026 ወደ 750 ወርዷል። ይሄኛው ታክስ ባይኖርብህም ተመላሽ ነው። የሚሞላው ዲአር 0617 ሲሆን የግዢውን ወረቀትና የኮሎራዶ ምዝገባውን ቅጂ አያይዝ። ከመሙላትህ በፊት በርክክቡ ቀን ከፈረምካቸው ወረቀቶች መካከል የኮሎራዶውን ክሬዲት ለዲለሩ ወይም ለአበዳሪው ያስተላለፍክበት ካለ ፈልግ። ካለ ገንዘቡ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ መሆን አለበት፤ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።

ቤት ቻርጀር ካላስገባህ ደግሞ ፍጠን። የ30 በመቶው ክሬዲት፣ እስከ 1,000 ዶላር፣ እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ተገጥሞ ሥራ ለጀመረ ብቻ ነው፤ ቤትህ ያለበት የቆጠራ ቀበሌም (census tract) ብቁ መሆን አለበት። ፎርም 8911 የዚያን ቀበሌ ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ይጠይቅሃል። ባለ 48 አምፒር ቻርጀር 60 አምፒር ብሬከርና በቀጥታ የተገናኘ ሽቦ ይፈልጋል፤ ፓኔልህ ካልቻለ ባለ 40 አምፒሩን በ50 ብሬከር አስገባ፣ ለሌሊት ቻርጅ ይበቃል።