ላሙ (ኬንያ) አሮጌው ከተማ ያለ አስጎብኚ እየቀመሱ መዞር፣ በጾም ይሆናል?

ጉዞ_ወዳድ
ሰላም ናችሁ፣ በታህሳስ ከእናቴ ጋር ላሙ ልንሄድ አስበናል፣ ኬንያ ሰሜን ጠረፍ ላይ ያለችው ደሴት። ሆቴል ተቀምጬ ባሕር ማየት ብዙም አይመቸኝም፣ አሮጌውን ከተማ በእግራችን እየዞርን ደስ ያለን ቦታ ቆም ብለን እየቀመስን አንድ ቀን ማሳለፍ ነው የምፈልገው፣ ያለ አስጎብኚ ማለቴ ነው፣ ሰው ተከትዬ መብላት አይሆንልኝም 😅 ችግሩ ያኔ የነቢያት ጾም ነው፣ እናቴ ደግሞ ዓሣም አትነካም (እባካችሁ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩት)። የባሕር ዳር ከተማ ተሂዶ ዓሣ ካልተበላ ምን ይበላል? ከየት እንጀምር? ጉልበቷንም ያማታል፣ ደረጃ ብዙ ከሆነ ንገሩኝ።

የጠረፍ_ልጅ
ዓሣው ይቅርባት ምንም አይጎድልባትም፣ እዛ አገር ምግቡን የያዘው ኮኮናት ነው። ባቄላ የመሰለው ነገር ሁሉ፣ ጎመኑ፣ ሩዙ በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ሳያስቡት ግማሹ ምግባቸው የጾም ነው እኔ እንደውም ከአዲስ አበባ ውጪ ጾም እንደዛ የቀለለኝ ቦታ የለም።

መነሻችሁ ምሽጉ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ይሁን፣ ምኩንጉኒ ይሉታል፣ ከጀልባ ከወረዳችሁ ትንሽ ነው። ገበያው ከምሽጉ ጎን ነው። ምሽጉ ራሱ ከ1813 እስከ 1821 የተሠራ ነው፣ እስከ 1984 እስር ቤት ነበር አሁን ሙዚየም ሆኗል። ጠዋት የሚበላው ማሃምሪ እና ምባዚ ነው። ማሃምሪ ማለት ሄል ያለበት፣ በኮኮናት ወተት የሚቦካ፣ ሲጠበስ ሆዱ ባዶ ሆኖ የሚነፋ ሦስት ማዕዘን ነገር፣ ቦምቦሊኖ የምትወድ ከሆነ እሱን ረስታ ትመጣለች። ምባዚ ደግሞ የርግብ አተር ነው፣ በኮኮናት ወፍራም ተደርጎ ይሠራል፣ በማሃምሪው እየጠቀሰች ትብላው።

ከዛ ከባሕሩ ዳር አንድ መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ ትይዩ የሚሄደው ዋናው ጎዳና አለ፣ ጎዳና ስላችሁ ሁለት ሰው እና አንድ አህያ ሲተላለፉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ነው። በከተማው ውስጥ መኪና የለም፣ ጭነቱን የሚሸከመው አህያ ነው፣ እና አህያው ቅድሚያ አለው 😂 ዋናው መንገድ ሜዳ ነው ለጉልበቷ አይከብድም፣ ወደ ላይ የሚወጡት ቅያሶች ናቸው ዳገት ያላቸው፣ እነሱን ተዋቸው።

መጠየቅ ያለባችሁ፦ ቪያዚ ካራይ (ድንች በእርድ ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ፣ ከሮቃ ማባያ ጋር) አንዳንዱ ሊጡ ውስጥ እንቁላል ይጨምራል። ሃልዋው ሳምሊ አለበት፣ ማለትም ቅቤ፣ ስለዚህ አይሆንም። ቻፓቲም አንዳንዴ በቅቤ ነው። ፒላው በስጋ መረቅ ስለሚሠራ ስጋውን አውጡልኝ ማለት ዋጋ የለውም። “ማያይ” እንቁላል፣ “ማዚዋ” ወተት፣ “ኒያማ” ስጋ፣ እነዚህን ይዛችሁ ጣት እየቀሰራችሁ መጠየቅ በቂ ነው።

ታሪክ_እና_ቅመም
ሃሳብ ልጨምር፣ ከተማው የመካከለኛው ዘመን ከተማ ነው ካልን (ዩኔስኮ በ2001 የመዘገበው፣ ቤቱ ሁሉ በኮራል ድንጋይ እና በማንግሮቭ እንጨት የተሠራ) ቀኑን በሙሉ እንደዛ ዘመን ሰው ለመብላት ሞክሩ፣ በጣም ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎ፣ ካሳቫ፣ ቃሪያና በርበሬ በሙሉ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፣ ወደዚህ ጠረፍ የገቡት ፖርቹጋሎች ከደረሱ በኋላ ነው፣ ቫስኮ ዳ ጋማ እዛ ባሕር ላይ የታየው 1498 ነው። ስለዚህ ቪያዚ ካራዩ ይቀራል (ይቅርታ የጠረፍ ልጅ)። ምን ተረፈ? ሩዝ፣ ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ዓሣ። ኢብን ባቱታ በ1331 ሞምባሳ ሲደርስ የሰዎቹ ምግብ በአብዛኛው ሙዝና ዓሣ ነው ብሎ ጽፏል። ላሙ ውስጥ ደግሞ ከምሽጉ አቅራቢያ ያለው ፕዋኒ መስጊድ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ከውጭ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም ግን አጠገቡ ቆማችሁ የኮኮናት ሩዝ ስትበሉ ስሜቱ ሌላ ነው።

ደግሞ ታህሳስ ጥሩ መርጠሻል። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ነው፣ ድሮ የአረብና የህንድ መርከቦች ሩዙንም ቅመሙንም ይዘው የሚመጡት በሱ ነበር፣ ሲዞር ጠብቀው በኩሲ (በተቃራኒው ነፋስ) ይመለሱ ነበር።

የጠረፍ_ልጅ
ቪያዚ ካራይ ላይ አልስማማም 😂 የማታ ባሕር ዳር ያለ እሱ ባዶ ነው፣ ታሪክህን እስከ 10 ሰዓት ድረስ ብቻ አድርገው።

ጉዞ_ወዳድ
ውይ እግዜር ይስጣችሁ! ግን አንድ ነገር፣ እናቴ እስከ 6 ሰዓት ምንም አትቀምስም። ማሃምሪው አመለጣት ማለት ነው? አርብ ቀን ብንውልስ?

ደርሶ_መልስ
አርብ አትሞክሩት በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ወደ ጁምዓ ይሄዳል ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ሌላው ጸጥታውን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ፣ ከማሊንዲ አቅጣጫ በመኪና የሚያስገባው መንገድ ላይ አልፎ አልፎ አደጋ ይደርሳል። ከናይሮቢ በአውሮፕላን ማንዳ ደሴት ማረፍ ይሻላል፣ ከዛ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ልብሳችሁ ትከሻና ጉልበት ይሸፍን፣ ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። እና ለትንንሾቹ ሻጮች ዝርዝር ሽልንግ ያዙ፣ ከጥሬ ገንዘብ ሌላ እነሱ ኤምፔሳ (በስልክ መክፈያ) ነው የለመዱት፣ ካርድ አይሠራም።

የጠረፍ_ልጅ
እስከ 6 ከጾመች ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ገበያውንና ሙዚየሙን እዩ፣ ማሃምሪውን አስጠቅልላችሁ ያዙላት ሲበርድም ይበላል፣ ምባዚውን ግን አስቀድማችሁ አስቀምጡልን ካላላችሁ ያልቃል። ስድስት ሰዓት ሲል ዋሊ ዋ ናዚ (የኮኮናት ሩዝ) ከማሃራግዌ ወይም ከምቺቻ ጋር ትብላ፣ አንዱ ቦሎቄ ነው አንዱ ጎመን፣ ሁለቱም በኮኮናት። ከዛ ሙቀቱ ከባድ ነው ሂዱና ተኙ፣ የከተማው ሰውም እንደዛ ነው የሚያደርገው። ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ።

ሰዓት ሲነግሯችሁ ግራ አትጋቡ፣ በስዋሂሊ የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፣ “ሳ ኩሚ” ካሏችሁ የኛው 10 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጁ ይለውጡታል፣ በየትኛው እንደነገሯችሁ አረጋግጡ።

ጉዞ_ወዳድ
ይሄን አላውቅም ነበር፣ እናቴ በጣም ነው ደስ የሚላት። ቡናስ? ያለ ቡና አትውልም።

የጠረፍ_ልጅ
አለ፣ ግን አስጠንቅቂያት ያለ ስኳር መራራ ነው፣ ዝንጅብል አለው፣ ከሥሩ ከሰል ያለበት የናስ ጀበና ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ናቸው በሲኒ የሚሸጡት። ካሻታ አብራችሁ ግዙ፣ የኮኮናት ወይም የኦቾሎኒ ጣፋጭ ነው፣ ለጾምም ይሆናል። በራፉ ላይ ያሉት የድንጋይ መቀመጫዎች ላይ ሰው ካለ ሰላምታ ስጡና ጠይቃችሁ ተቀመጡ፣ እናትሽን ካዩ ራሳቸው ቦታ ይለቃሉ።