ዘረ መልና አጥንት ሲቃረኑ ማንኛው ይመስክር?

አወያይ፦ የሕያዋን ዝምድና ለዘመናት ከአካል ቅርጽ ሲገመት ኖሯል። የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ሌላ ነገር ሲናገር የመጨረሻው ቃል የማን ይሁን?

ተማሪ፦ ይህ ያለቀ ክርክር ነው! ዓሣ ነባሪን ተመልከቱ። ቅሪተ አካል አጥኚዎች በጥርሱ ተመርተው ሜሶኒኪድ ከሚባሉ የጠፉ ሥጋ በሎች ጋር ሲያዛምዱት ቆዩ። ዘረ መሉ ግን ዛሬ በሕይወት ካሉት የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው አለ፤ አሸነፈም።

የቅሪተ አካል ወዳጅ፦ ታሪኩን ከመሃል ለምን ቆረጥከው? እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆኑት የፓኪስታን ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች እግር ነበራቸው። የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት እንደ ጉማሬና እንደ በሬ ሁሉ ከላይም ከታችም እንደ መዘውር የተቦረቦረ ነው። ብዙ ተጠራጣሪ ያመነው ያን ጊዜ ነው። ደግሞስ የዳይኖሰር ዲኤንኤ ከየት ሊመጣ? ከግሪንላንድ አፈር የተገኘው ጥንታዊ ዲኤንኤ እንኳ ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ተማሪ፦ አጥንት የሌለውስ? እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ የራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ክፍል) አርኤንኤ ሲያነጻጽሩ፣ በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ የሚመስሉት አርኬያዎች ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆነው ተገኙ። ለእነሱ ቁርጭምጭሚት ከየት ይምጣ?

የሥነ ሕይወት መምህር፦ ሁለታችሁም ዘረ መልን አንድ አፍ ያለው አስመሰላችሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 የጎሪላ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዲኤንኤ ቅደም ተከተሉ፣ ሲታተም የሰውና የቺምፓንዚ ቅርበት ጸና። ሆኖም ከጂኖሙ 30 በመቶ ያህሉ ላይ ጎሪላ ከሁለቱ ለአንዱ ይቀርባል፤ ያውም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ከሚቀራረቡት በላይ። የጋራ አያቶቻችን አንዱን ዘረ መል በተለያየ መልክ ይዘውት ነበር፤ መለያየቱ ሲቻኮል የትኛው መልክ ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ነው። ስለዚህ አንድ ዘረ መል ብቻ ያነበበ ሰው ጎሪላን የቅርብ ወንድማችን ሊያደርገው ይችላል። ባክቴሪያማ ከባዕድ ሳይቀር ዘረ መል ይወስዳል።

ተማሪ፦ እንግዲያው ሺህ ዘረ መል እናንብብ፣ መምህር።

የሥነ ሕይወት መምህር፦ መብዛቱ ብቻውን አያድንም። በፍጥነት የተለወጡ ሁለት የዘር ሐረጎች ሳይዛመዱ በአጋጣሚ ይመሳሰላሉ። ተመራማሪው ጆሴፍ ፌልሰንስታይን እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው፣ ዝምድናውን የምናሰላበት ዘዴ ካልተመቸ መረጃ በተጨመረ ቁጥር ስሕተቱ ይበልጥ እርግጠኛ ይመስላል።

የቅሪተ አካል ወዳጅ፦ እሰይ! የዘር ሐረጎች የተለያዩበትን ዘመንም ቢሆን የምንቆጥረው ዕድሜው በታወቀ ቅሪተ አካል ነው።

የሥነ ሕይወት መምህር፦ በዘመኑ ጉዳይ እውነትዎን ነው። የልጁን የአርኬያ ጥያቄ ግን አልመለሱም።