«ፋስን»፦ ማሰር፣ መጾምና መፍጠን ምን አገናኛቸው?

«ፋስን» (ማሰር) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ከ«ፋስት» (ፈጣን) ጋር ይዛመዳል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ይዛመዳል። ግን ፍጥነቱን ለጊዜው እርሳው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፋስት» ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ከዚያ የወጣው «ፋስን» ደግሞ ማጽናት፣ ማጥበቅ፣ እንዳይላቀቅ አድርጎ ማያያዝ ሆነ። ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ት» አለች፣ ግን አትነበብም፤ «ሊስን» እና «ካስል» ላይም እንዲሁ ትዋጣለች።

የሚያስቸግረን በአማርኛ አንድ አቻ ስለሌለው ነው። እኛ ቀበቶ እናስራለን፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንቆልፋለን፣ ዚፕ እንዘጋለን፣ በር እንቀረቅራለን፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም «ፋስን» ቢል ያስኬደዋል። ገመድ መቋጠር ብቻ ከሆነ ግን «ታይ» ይሻላል።

ታዲያ ጽኑ የነበረው ቃል እንዴት ፈጣን ሆነ? በተውሳከ ግሱ በኩል ነው። አጥብቆ መያዝ፣ አጥብቆ መምታት፣ ከዚያ በኃይል መሮጥ እየተባለ ሄዶ ሄዶ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ኃይሉ ወደ ፍጥነት ዞረ። የድሮው ፍቺ ግን አልሞተም። «ፋስት አስሊፕ» የተባለ ሰው ቶሎ የተኛ ሳይሆን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ የወሰደው ነው። የጨርቅ ቀለም «ፋስት» ነው ከተባለም ሲታጠብ አይለቅም ማለት ነው፣ እንግሊዞች ደግሞ የሚለቅ ቀለምን «ይሮጣል» ስለሚሉት «ፋስት» የሆነው የማይሮጠው ሆኖ አረፈው፣ እንግዲህ ፍታው!

ጾምም በእንግሊዝኛ «ፋስት» ነው፤ እሱም ከዚሁ ሥር ነው። በጎቲክ (ዛሬ በጠፋ የእንግሊዝኛ ዘመድ ቋንቋ) «ፋስታን» መጠበቅም መጾምም ነበር፤ ነገሩ ሥርዓትን አጥብቆ መያዝ ነው። «ብሬክፋስት» የሌሊቱን ጾም መፍታት ነው። በጀርመንኛማ «ፋስተን» የሚለው ግስ ከእንግሊዝኛው «ፋስን» ጋር ሲጻፍ ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ ትርጉሙ መጾም ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ብዙም አይገርምም። ገመድም ይጠብቃል፣ ዘበኛም ይጠብቃል፣ ሕግም ይጠበቃል። (የገመዱ «ብ» ይላላል፣ የዘበኛው ይጠብቃል፤ ገመዱ ነበር መጥበቅ ያለበት!) ስለዚህ «ፋስት ፍሬንድስ» የሚል ካጋጠመህ «ፈጣን ጓደኛሞች» ብለህ እንዳትተረጉመው፣ የጠበቀ ወዳጅነት ያላቸው ማለት ነው።