የጳጉሜው ድንኳን፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፣ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ (ሐምሌ 3)
የልጆች መጽሐፎቻችንን አብረን የምንሸጥበት ረቂቅ ይኸው። ባለፈው ዓመት የሆነውን አልደግመውም። አልጋችሁ ሥር ያለውን ያልተሸጠ መጽሐፍ ካርቶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጽሐፍ ቤት የተውነው ኮፒ ሒሳብም እስካሁን አልመጣም። ዘንድሮ ለየብቻ መሯሯጥ ይቅር። አሥራ ሁለታችን 2,500 ብር እናዋጣ፣ 30,000 ይሆናል። በእሱ ለጳጉሜ ባዛር አንድ ድንኳን እንከራያለን። ከመስከረም ጀምሮ ስምንት ትምህርት ቤት ሄደን ለልጆች እናነባለን። ቲክቶክ ላይ ደግሞ እያንዳንዳችን ከመጽሐፋችን አንድ ገጽ እናነባለን። ድንኳኑ ከሩቅ እንዲታይ የሐዋሳ ልጅ ያመጣው ሐሳብ አለ፤ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ ባነሩ ላይም አህያ። እስከ ሐምሌ 15 እንወስን።

ገንዘብ ያዥ
በቴሌብር ብቻ ነው የምቀበለው። «እጅ በእጅ ሰጥቼሃለሁ» የሚባል ነገር ዘንድሮ የለም።

ተረት ነጋሪ
አህያ? ልጄ ባለፈው ወር «አህያ» ብለውት እያለቀሰ ነው ቤት የገባው። አሁን እናቱ አህያ ተለጥፎባት መጽሐፍ ትሽጥ?

የሐዋሳ ልጅ
ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ነበር። ያስጀመሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ሲኤንኤን በፈረንጆቹ 2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ ብሎ መረጣቸው። አህያ አላሳፈራቸውም።

ተረት ነጋሪ
ሐዋሳና ቦሌ ለየቅል ናቸው። መጽሐፉን የሚገዛው ልጁ አይደለም፣ እናቱ ናት። እናት ባነሩን አይታ «ልጄን ምን ሊሉት ነው» ብላ ታልፋለች።

ጋሼ መምህር
እኔ 34 ዓመት ሳስተምር «አህያ» ብዬ ያልተቆጣሁት ተማሪ የለም። አሁን ይቆጨኛል። ግን ቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ሲከፈት አገር ጮኾ በ2009 አዘግቷል። ስትታረድ ተንጫጭተን፣ ስትሣል እንፈር?

ሠዓሊዋ
ሥዕሉን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም። አህያ እሥላለሁ፣ ችግር የለብኝም። ሌላ ነገር ልበል። ሽፋኖቻችን ላይ ዕድሜ አልተጻፈም። አምና መጽሐፋችን ጋ የቆመ ወላጅ ሁሉ «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ይላል። እኛ «ለሁሉም» እንላለን። ለሁሉም የሚሆን የልጅ መጽሐፍ የለም! የሦስት ዓመት ልጅ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ካለፈ ተነስቶ ይሄዳል። ከ3 እስከ 5፣ ከ6 እስከ 8 የሚል ስቲከር እንለጥፍ። ከአህያም ከጋሪም ይሄ ይሸጣል።

ተረት ነጋሪ
አንበሳ ይሁን። ወይ ቀጭኔ።

ከሜሪላንድ
ቀጭኔማ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ናት። ልጆቼ እዚህ ሆነው ያዩዋታል። የሰው ሐሳብ የሰረቅን እንመስላለን። በነገራችን ላይ እዚህ ያለ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጁ ፊደል ይቆጥርበት እንደሆነ ነው፤ ተረቱ በኋላ ነው። አሥር አሥር ኮፒ ላኩልኝ፣ ለገና እሸጥላችኋለሁ። ከ23 ኪሎው ሻንጣው ላይ ቦታ የሚሰጥ መንገደኛ ግን እናንተ ፈልጉ።

የሐዋሳ ልጅ
አንበሳ! አውቶቡሱ አንበሳ፣ ጫማው አንበሳ፣ ባንኩ አንበሳ። እኛ ስንጨመር ማን ልብ ይለናል?

ተረት ነጋሪ
አሽሙር ከሆነ እኔ መዋጮዬን አልከፍልም።

ገንዘብ ያዥ
እስካሁን የከፈለው አራት ሰው ነው። አንቺ የለሽበትም። ሳትከፍዪ አልከፍልም ማለት ምን ማለት ነው?

የሐዋሳ ልጅ
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። የተቀየምሽው በአምናው የሽፋን ጉዳይ ከሆነ እሱን ንገሪኝ።

ተረት ነጋሪ
አምናን አታንሳ ብያለሁ።

ጋሼ መምህር
በቃ። ሁለታችሁም። የልጅ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ይነካከሳል?

ተረት ነጋሪ
ለጋሼ ስል ተውኩት። ግን ጋሪውን ዋና መንገድ ላይ ማን ያስገባችኋል?

የሐዋሳ ልጅ
ነገ ወረዳ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ጸሐፊ (ሐምሌ 19)
የሐዋሳ ልጅ፣ የት ጠፋህ? ትምህርት ቤቶቹን አነጋግራለሁ ያለው ሰውስ? «እኔ አለሁ» ብሎ አውራ ጣት ካሳየን ወዲህ አልታየም። ለምዝገባ ሲከፍቱ ካልደረስንባቸው የመስከረም ፕሮግራማቸው ይሞላል። ስልካቸው የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ እሱ ጋ ነው።

ሠዓሊዋ
ስቲከሩስ?

ገንዘብ ያዥ
ሰባት ሰው ከፍሏል፣ 17,500። ለድንኳኑ 9,000 ሰጥቻለሁ። በእጄ ያለው 8,500 ነው።

ተረት ነጋሪ
ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ከፍያለሁ፣ ይታይልኝ። የአክስቴ ልጅ የልደት ዕቃ ያከራያል። ሰው የሚለብሰው የአንበሳ ልብስ አለው፣ በቀን 1,200። አምስት ቀን 6,000። ልጅ ፎቶ ሊነሳ ይመጣል፣ ወላጅ ይቆማል፣ መጽሐፍ ያያል።

ጋሼ መምህር
ማን ይለብሰዋል? እኔ ወገቤን ነው የሚያመኝ።

ከሜሪላንድ
ለቲክቶክም ጥሩ ነው።

ጸሐፊ
ቲክቶኩ የታሰበው መጽሐፍ ለማንበብ ነበር።

ተረት ነጋሪ
አንበሳው ያንብበዋ።

ሠዓሊዋ
በዚያ ጭንብል ውስጥ ሆኖ ድምፁ የት ይሰማል? ስቲከሩን ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

ጸሐፊ (ነሐሴ 2)
የተስተካከለው ረቂቅ። ድንኳን አንድ። የአንበሳ ልብስ ለአምስቱም ቀን። በቀረው 2,500 ባነር፤ ባነሩ ላይ እንስሳ የለም። ትምህርት ቤቶቹ ወደ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተላልፈዋል። ስቲከሩን በየቤታችን በእጅ እንጽፋለን። ተቃውሞ ከሌለ ይኸው ነው።

የሐዋሳ ልጅ
ይቅርታ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ወረዳ ሄጄ ነበር፣ ወደ ክፍለ ከተማ መሩኝ፣ እዚያም ነገ ና አሉኝ። አህያዋን ግን አግኝቻለሁ። ለባለቤቷ 500 ብር ቀብድ ሰጥቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ከየትኛው 500?