ጥቆማ፦ ጡት ለማንሳት ክቡ ስፌት ይሻላል ወይስ ቀጥ ያለው?

ፀደይ፦
ሰላም እህቶች። ሁለት ልጅ አጥብቻለሁ። ከዚያ 18 ኪሎ ቀነስኩ፣ ጡቴም አብሮ ወረደ። ከስሩ እስክሪብቶ ሳስገባ ይዞ ያስቀረዋል። ሁለት ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። አንዱ «በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩን ክብ ብቻ ዞረን ሰፍተን እናነሳዋለን» አለኝ። ሌላኛዋ ደግሞ «አይበቃሽም፣ ከክቡ ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ ስፌት ያስፈልግሻል» አለችኝ። ያሠራችሁ ካላችሁ የቱ ይሻላል? ጠባሳውስ ምን ይመስላል? በናታችሁ ስፖርት ሥሪ እንዳትሉኝ።

ብርቱዋ፦
ስፖርት ግን ሞክረሻል? ፑሽ አፕ በቀን 30። እኔ በሦስት ወር ለውጥ አይቻለሁ።

ወይ ጉድ፦
ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አለ?

የእናቷ ልጅ፦
እህቴ የምትቀባው ክሬም አለ። ማታ ማታ ከታች ወደ ላይ እያሸች ነው የምትቀባው። ስሙን ጠይቄያት እመጣለሁ።

ዝምተኛዋ፦
እኔ ክቡን አሠርቻለሁ። የመረጥኩት ጠባሳ ፈርቼ ነው። ጡቴ ከባድ ነበር፣ በደንብም ወርዷል፤ ሐኪሙ ግን «ችግር የለም» አለኝ። መጀመሪያ ያማረ መሰለኝ። በስድስተኛው ወር ክቡ መስፋት ጀመረ። አሁን የብርጭቆ አፍ ያክላል። ዳሩ በገመድ እንደተሰበሰበ ከረጢት ተጨማዷል። ፊቱም ጠፍጣፋ ሆነ። ተመልሼ ስሄድ «ቆዳሽ ነው» አለኝ። ቆዳዬን ከመቅደዱ በፊት አላየውም ነበር?

ብርቱዋ፦
ወይኔ እህቴ! ክሰሺው።

ሻሼ፦
ፎቶ በፊት እና በኋላ አንስቶሻል? ሳያነሳሽ ከገባ መጀመሪያውኑ ጥርጣሬ ነው።

ዝምተኛዋ፦
የበፊቱን ብቻ። የኋላውን ማንሳት የፈለገ የለም።

ብርቱዋ፦
አሁን ይስተካከላል?

ዝምተኛዋ፦
ሌላ ሐኪም ቀጥ ባለው ስፌት እንደገና ሊሠራው እንደሚችል ነግሮኛል። እኔ ነኝ ድፍረቱ ያጣሁት። ሰመመኑን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

አመስጋኟ፦
ሰው አታስፈራሩ። የኔ ዶክተር የሚሠራው ክቡን ብቻ ነው፣ ሰውዬው ወርቅ ነው። ከሰመመን ስነቃ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ለማንም ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠቁመው።

ወይ ጉድ፦
ዓይንሽን ጨፍነሽ መሆኑ ያስታውቃል። ካሠራሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?

አመስጋኟ፦
ሦስት ሳምንት።

ወይ ጉድ፦
እህቴ፣ እብጠቱ እንኳ ገና አልወረደም።

የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ፦
ፀደይ፣ እኔ ከሐኪሞቹ ጎን ቆሜ መሣሪያ የማቀብል ሰው ነኝ፣ የማየውን ልንገርሽ። ስፌቱን የሚወስነው ያንቺ ምርጫ ብቻ አይደለም፣ የጡት ጫፍሽ ያለበት ቦታ ነው። ጡትሽ ከስሩ ከደረትሽ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት አለ አይደል? ጫፉ ከዚያ እጥፋት ትይዩ ከሆነ መውደቁ ቀላል ነው። ከእጥፋቱ በታች ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከወረደ መካከለኛ። ከ3 በላይ ከወረደ ወይም ጫፉ መሬት መሬት ካየ ከባድ ይባላል። ክቡ ስፌት ለቀላሉ ነው። ቀጥ ያለው ለመካከለኛው። ለከባዱ ከስር በእጥፋቱ ላይ ሌላ አግድም መስመር ይጨመርበታል፣ የመርከብ መልህቅ ይመስላል።

ክቡ ብዙ በወረደ ጡት ላይ ሲሠራ ክብደቱን በሙሉ የሚሸከመው ያ አንድ ቀለበት ስፌት ነው። ቆዳ ደግሞ ይሳባል። ዝምተኛዋ የነገረችን ይኼንኑ ይመስላል። ቀጥ ባለው ግን ውስጡ ያለው ሥጋ ራሱ ተሰብስቦ ይሰፋል፣ ቆዳው ላይ ያን ያህል ጭነት አይመጣም። ጠባሳው ለወራት ቀይ ሆኖ ይቆያል። አንድ ዓመት አካባቢ እየፈዘዘ ይሄዳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ሻሼ፦
ሲሊኮን ብቻ ብታስገባስ? ስፌቱም ያንሳል።

የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ፦
ሲሊኮን ይሞላል እንጂ አያነሳም። ትንሽ ለረገበ ጡት ሊበቃ ይችላል። በደንብ በወረደ ጡት ላይ ግን ተጨማሪ ክብደት ነው። ዕድሜ ልክም አይቆይም፣ አንድ ቀን መቀየር ወይም መውጣት አለበት።

ሻሼ፦
ለዚህ ነበር እኮ ለትንሿ እህቴ «አታጥቢ» ያልኳት።

የሁለት መንታ እናት፦
ማጥባቱን ተዪው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ማጥባት ለብቻው ጡት እንደማይጥል ነው ያገኘው። የሚጥለው ዕድሜ፣ የእርግዝና ብዛት፣ ውፍረት፣ ከመጀመሪያውም ጡት ትልቅ መሆኑ፣ ደግሞ ሲጋራ።

ሻሼ፦
የኔ እህት ግን አጥብታ ነው የወደቀባት።

የሁለት መንታ እናት፦
ከማጥባቷ በፊት አርግዛ አልነበረም እንዴ?

ብርቱዋ፦
ሌሊት ጡት ማስያዣ ሳላወልቅ ነው የምተኛው፣ ለዚህ ነው የኔ ያልወደቀው። ፑሽ አፑም አለ።

ወይ ጉድ፦
ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም ብርቱዬ። ጡንቻው ከኋላው ነው ያለው። ግድግዳውን ብታጠነክሪው የተሰቀለው ልብስ አይነሳም።

ብርቱዋ፦
እንግዲህ በራሴ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ፀደይ፦
ነርሷ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እስክሪብቶውን ትቼ ማስመሪያ ይዤ መስተዋት ፊት ቆምኩ። ግራው ከእጥፋቱ በታች 2 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ቀኙ 3 ሊሞላ ነው። እኩል አለመሆናቸውን እስከ ዛሬ አላየሁም። ይኼ ጤነኛ ነው?

የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ፦
የማንም እኩል አይደለም፣ አይጨንቅሽ። ከሐኪሞቹ ጋር ስትነጋገሪ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሳ ፎቶ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። የሦስት ሳምንት ፎቶማ ሁሉም ያምራል (አመስጋኟ ይቅርታ)። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሦስተኛ ልጅ ካሰብሽ ቆዪ፣ እርግዝናው መልሶ ይጥለዋል፣ ማጥባትም ሊከብድሽ ይችላል። ኪሎሽ ለወራት አንድ ቦታ መርጋት አለበት። የምታጨሺ ከሆነ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አቁሚ። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠብባል፣ ስፌት አልድን ብሎ የጡት ጫፍ እስከ መሞት ሲደርስ አይቻለሁ። 40 ካለፍሽ መጀመሪያ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነሺ።

ዝምተኛዋ፦
ይኼን ሁሉ ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ።

አመስጋኟ፦
የኔ ዶክተር ሁሉንም ነግሮኛል።

ወይ ጉድ፦
ኧረ? የጡት ጫፍ ስሜቱንም?

አመስጋኟ፦
እሱን ረስቶት ይሆናል።

ብርቱዋ፦
ፀደይ፣ ታዲያ ምን ወሰንሽ?

ፀደይ፦
ከፊት የሚቆለፍ ጡት ማስያዣ ለስድስት ሳምንት ስንት ይበቃል? ሁለት ወይስ ሦስት?

ሻሼ፦
ሦስት። ሽቦ የሌለውን ግዢ። የቱን ስፌት ልትሠሪ ነው ግን?

ዝምተኛዋ፦
ፀደይ?

የእናቷ ልጅ፦
ይቅርታ ቆየሁ። የክሬሙን ስም አግኝቼዋለሁ፣ ግን እህቴ መቀባቱን ትታዋለች።