ሪሞቱ ባትሪ ተቀይሮለትም መኪናዬን አይከፍትም፤ ሞተሩ ግን ይነሣል

የአዘዞ ነዋሪ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የምነዳት ከዱባይ አገልግላ የገባች ቶዮታ ያሪስ ስትሆን፣ ቁልፏ ራሱ ላይ መቆለፊያና መክፈቻ መጫኛዎች ያሉት፣ ወደ ማስነሻው ገብቶ የሚዞር ዓይነት ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ከመኪናዋ ጋር አልመጣም።

ችግሩ በአንድ ጊዜ አልደረሰም። ቀድሞ የግቢው በር ላይ ሆኜ ስጫነው ይከፍት የነበረው ሪሞት ከክረምቱ ወዲህ ርቀቱ እያጠረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከመኪናዋ አጠገብ ካልቆምኩ በቀር አልታዘዝ አለኝ፤ ከዚያም ጨርሶ ተወ። ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ባትሪ አስቀየርኩ። በዚያ ምሽት አንዳንዴ ሲሠራ አንዳንዴ ሲተው ቆይቶ በማግስቱ እንደገና ዝም አለ። የሚያስገርመኝ መጫኛውን ስነካ ቀይዋ መብራት አሁንም ብልጭ ማለቷ ነው። በሩን በቁልፉ ብረት እከፍታለሁ፤ ሞተሩም ያለ አንዳች ችግር ይነሣል።

አንድ ቁልፍ ቀራጭ አይቶት «ባትሪው ሲወጣ ቁልፉ ኮዱን አጥቷል፤ ሙሉ አዲስ ቁልፍ አስመጥቶ ፕሮግራም ከማስደረግ ሌላ መፍትሔ የለውም» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ ቀላል አይደለም። ባትሪ በመውጣቱ ብቻ ኮድ ሊጠፋ ይችላል? መብራቷ የምትበራ ከሆነስ ሪሞቱ መልእክት እየላከ ነው ማለት ነው? በተጨማሪም ከቤቴ ጀርባ የስልክ ማማ አለ፤ የሚረብሸው እርሱ ይሆን?


ሽቦና ቆርቆሮ

ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት። ከጻፉት ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ሞተሩ ይነሣል ያሉት ነው። በቁልፉ ራስ ውስጥ ሥራቸው እርስ በርሱ የማይገናኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኢሞቢላይዘር የሚባለው የስርቆት መከላከያ የሚያውቀው ቺፕ ሲሆን ባትሪ አያስፈልገውም፤ ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ያለው የሽቦ ጥቅል በሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ኃይል አግኝቶ ማንነቱን ይናገራል። ሁለተኛው በሩን የሚከፍተውና የሚቆልፈው አነስተኛ ራዲዮ ነው፤ ባትሪው የሚያገለግለው ለእርሱ ብቻ ነው። የእርስዎ ቺፕ ደኅና ነው፤ የታመመው ራዲዮው ወይም የሚመግበው ባትሪ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁልፍ ይቀየር የሚለው ምክር ጤነኛውን ከበሽተኛው ጋር አብሮ መጣል ይሆናል።

ኮዱን በተመለከተ፣ የሪሞቱ መለያ የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥም በማይጠፋ ማኅደር ውስጥ በመሆኑ ባትሪ መቀየር ብቻውን አያጠፋውም። ሊሆን የሚችለው ሌላ ነው። ሪሞቱ በተጫኑት ቁጥር የሚልከው ኮድ ይለወጣል፤ ልክ እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ቁጥሩ ወደፊት ብቻ ይሄዳል፣ መኪናዋም ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ትጠብቃለች። መኪናዋ በማትሰማበት ቦታ ልጆች ሲጫወቱበት ቢውሉና ቁጥሩ እርሷ ከምትጠብቀው ወሰን አልፎ ቢሄድ ሁለቱ ይለያያሉ። ይህም ቢሆን የሚስተካከል ነው፤ አሠራሩ እንደ መኪናው ዓይነትና ዘመን ስለሚለያይ በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈውን መከተል ያስፈልጋል። ነገር ግን ርቀቱ ቀስ በቀስ አጥሮ የጠፋ ሪሞት የቁጥር መለያየት ምልክት አያሳይም። መለያየት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን በሙሉ ርቀቱ ሠርቶ በሚቀጥለው ቀን ጨርሶ እምቢ ይል ነበር።

መብራቷም ብዙ አትተማመኑባት። ትንሽ ብልጭታ የምትፈልገው ኃይል ከራዲዮው ያነሰ ስለሆነ፣ የደከመ ባትሪ መብራቷን እያበራ ሞገዱን አንድ ክንድ እንኳ ማሻገር ሊያቅተው ይችላል።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ሽፋኑን በቀጭን ነገር ቀስ ብለው ከፍተው ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ሲአር 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲአር 2025 ውፍረቱ 2.5፣ ሲአር 2016 ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁሉም 3 ቮልት ናቸው፤ ስፋታቸውም እኩል በመሆኑ አንዱ በሌላው ፈንታ ሲገባ በዓይን ቶሎ አይለይም። ከዚያ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለኩት። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል። ዋናው ልኬት ግን መጫኛው ተጭኖ ሳለ የሚወሰደው ነው፤ ያለ ሥራ 3 ቮልት እያሳየ ሲጫኑት ወደ 2.5 እና ከዚያ በታች የሚወርድ ባትሪ፣ አዲስ ተብሎ ቢሸጥም መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሽፋኑን ሲከፍቱ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። በብዙ ቁልፎች ውስጥ ቺፑ ከራዲዮው ሰሌዳ (የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ከተበየዱበት ጠፍጣፋ) ተለይቶ በፕላስቲኩ ጥግ የተሸጎጠ፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። ወድቆ ከጠፋ ዛሬ የሚነሣው ሞተር ነገ አይነሣም፤ ያን ጊዜ የቁልፍ ቀራጩ ዋጋ እውነት ይሆናል።


ባለ ቪትዝ

እኔ የማውቀው ቀላል መፈተኛ አለ። የስልክዎን ካሜራ ከፍተው ሪሞቱን ወደ ሌንሱ እያዞሩ ይጫኑ፤ ብርሃን ከታየ ሪሞቱ ይሠራል፣ ካልታየ ሞቷል። ውኃም ገብቶበት ከሆነ አንድ ሌሊት ሩዝ ውስጥ ማሳደር ነው።


ሽቦና ቆርቆሮ

የካሜራው ዘዴ ለቴሌቪዥን ሪሞት ትክክል ነው፤ እርሱ የሚልከው ዓይን የማያየውን ቀይ ታሕት ብርሃን ነውና። የዛሬ መኪና ሪሞት ግን በራዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት በአብዛኛው 315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ 433.92 ሜጋኸርዝ ላይ ይልካሉ፤ ይህን ደግሞ ካሜራ አያየውም። ጤነኛ ሪሞት «ሞቷል» ተብሎ እንዳይጣል እሠጋለሁ።

ሩዙም ያን ያህል አይረዳም። ውኃ የገባበት ሪሞት ወዲያው ባትሪው ይውጣ፤ ሰሌዳው በአልኮል በራሰ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ አየር በሚያገኝ ቦታ በደንብ ይድረቅ። ጉዳቱን የሚያመጣው ባትሪው ሳይወጣ እርጥበቱ መቆየቱ ነው፤ መዳቡ አረንጓዴ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ጠያቂያችን ከክረምቱ ወዲህ ስላሉ ይህንንም ሳይመለከቱ አይለፉ።


የደባርቅ መንገደኛ

ሙያዬ መንዳት ስለሆነ ከሾፌር ወገን ያለውን ልናገር። ቁልፉን ከመወንጀል በፊት መኪናዋንም መጠየቅ ይገባል። ብዙ መኪናዎች ቁልፉ ማስነሻው ላይ ተሰክቶ ሳለ ወይም አንድ በር በደንብ ሳይዘጋ የሪሞትን ትእዛዝ አይቀበሉም፤ የኋላው በር ገርበብ ብሎ የጣሪያው መብራት ሳይጠፋ የቀረ እንደሆነ ይመልከቱ። ውስጥ ገብተው በሹፌሩ በር ላይ ያለውን የመቆለፊያ ማብሪያ ይጫኑ። አራቱም በሮች ከታዘዙ የበሮቹ ሞተሮችና የሴንትራል ሎኩ (በሮቹን ባንድነት የሚቆልፈው ሥርዓት) ፊውዝ ደኅና ናቸው፤ ካልታዘዙ ግን ነገሩ ከሪሞቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሥራው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው።

ስለ ማማው የጠየቁት መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። የስልክ ማማ የሚሠራበት ሞገድ ከሪሞቱ የተለየ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይጋጩም፤ ይሁን እንጂ በአቅራቢያ ያለ ኃይለኛ ማሰራጫ መቀበያውን ሊያደነቁረው ይችላል። መኪናዋን ወደ ከተማ ሲወስዷት አንድ ጊዜ ማራኪ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ጎሃ በሚያወጣው መንገድ ቆም ብለው ይሞክሩት። እዚያ ከሠራና ቤትዎ ከተወ ተጠያቂው አካባቢው ነው። የትም ካልሠራ ማማውን ከክሱ ያውጡት።

ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ ውጭ ላይ ያደረ ሪሞት ጠዋት እምቢ ብሎ ረፋድ ላይ፣ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ፣ ሲሠራ ይታያል። የእነዚህ ባትሪዎች የውስጥ መቋቋም በብርድ ስለሚጨምር የደከመው ቶሎ ይጋለጣል። አዘዞ ላይ ይህ ያን ያህል አያሠጋም፤ ነገር ግን ወደ ስሜን ተራሮች የሚመላለስ ሰው እንደ መፈተኛ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሌላው፣ ሪሞቱ ከመኪናዋ ጋር የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። በኋላ የተገጠመ አላርም ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ ከቁልፉ ተነጥሎ የሚንጠለጠል ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚወስዱት 23ኤ ወይም 27ኤ የሚባለውን 12 ቮልት ቀጭን ባትሪ ነው። የእርስዎ ከቁልፉ ጋር አንድ ስለሆነ የፋብሪካው ይመስለኛል።


የአዘዞ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን በተራ ፈትሼ መጣሁ።

የውስጡ ማብሪያ አራቱንም በሮች ይቆልፋል፣ ይከፍታል። በሮቹ በሙሉ የተዘጉ ናቸው። ቦታ ቀይሬም ለውጥ አልነበረውም። ሽፋኑን ስከፍት ግን ነገሩ ተገለጠ፤ በውስጡ ያለው ባትሪ ሲአር 2016 ሲሆን፣ ክፍተቱን ለመሙላት ከሥሩ ከሲጋራ ፓኬት የወጣ የተጣጠፈ ብርማ ወረቀት ተደርጎበታል። የፕላስቲኩ መቀመጫ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ 2032 ነው። በቴስተር ስለካው መጫኛው ሳይነካ 2.9፣ ሲጫን 2.3 ቮልት አሳየኝ። እርጥበት ወይም አረንጓዴ ነገር አላየሁም።

ትክክለኛውን ሲአር 2032 ገዝቼ አስገባሁ። መቆለፊያው ወዲያው ከግቢው በር ላይ ሆኖ መሥራት ጀመረ። መክፈቻው ግን አጥብቄ ካልተጫንኩትና ካላወዛወዝኩት አይሰማም፤ መብራቷም ለመቆለፊያው ስትበራ ለመክፈቻው ብዙ ጊዜ አትበራም። ይህስ ምን ይሆን?


ሽቦና ቆርቆሮ

ልኬቱን በመጻፍዎ ብዙ ጥርጣሬ ቀርቷል። ከ2.9 ወደ 2.3 የወረደው በሁለት ምክንያት ነው፤ ባትሪው ቀጭን በመሆኑ ጉልበቱ አነስተኛ ነው፣ የተጣጠፈው ብርማ ወረቀትም መልካም ግንኙነት አይሰጥም። የመጀመሪያው ምሽት ሲሠራ ሲተው የነበረውም በዚሁ ነው፤ ቁልፉ በተናወጠ ቁጥር ወረቀቱ ይላቀቅ ነበር።

የመክፈቻው ነገር ከዚህ የተለየ ጉዳት ነው። መቆለፊያው ከሠራ ባትሪው፣ ራዲዮው፣ ኮዱና የመኪናዋ መቀበያ ሁሉም ጤነኞች ናቸው፤ የሚቀረው ከመክፈቻው ጎማ ሥር ያለችው ትንሿ ማብሪያ ብቻ ናት። መብራቷ አለመብራቷም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ትእዛዙ ከሰሌዳው ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። መጀመሪያ ጎማውን አንሥተው ማብሪያዋን በእንጨት ጥርስ መፋቂያ ጫፍ በቀጥታ ይጫኗት። እንዲህ ሲሆን የምትሠራ ከሆነ ያረጀው ጎማው ነው፤ ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ የድሮውን ሰሌዳ፣ ቺፑንና የቁልፉን ብረት ወደ አዲሱ ማዛወር ይበቃል። በቀጥታ ተጭነዋትም ከተወች ወይ ራሷ አልቃለች፣ ወይ ከሰሌዳው ጋር የያያዛት ብየዳ ተሰንጥቋል።

ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር ውስጥ ሞባይል የሚጠግኑ ወጣቶች ከዚህ ያነሱ ማብሪያዎችን በየቀኑ ይበይዳሉ፤ የተሰነጠቀውን ብየዳ አሙቆ ማደስ ወይም ማብሪያዋን በተመሳሳይ መተካት ለእነርሱ አጭር ሥራ ነው። ሁለት ነገር አስቀድመው ይንገሯቸው። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይውጣ፤ የሊቲየም ባትሪ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላልና። እንዲሁም ቺፑን እርስዎ ራስዎ አውጥተው በኪስዎ ይያዙት፤ የሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀር ነገር አይደለም።


የደባርቅ መንገደኛ

ሪሞቱ ከተጠገነ በኋላ ስለ ሁለተኛ ቁልፍ ያስቡበት። በገበያ ተራ ብረቱን ብቻ አስቀርጾ መያዝ ርካሽ ነው፤ በሩን ይከፍትልዎታል፣ ቺፕ ስለሌለው ግን ሞተሩን አያስነሣም። ቁልፉ ውስጥ ተዘግቶበት ለሚቀር ሰው ይህም ቢሆን ይጠቅማል። ቺፕ ያለው ሙሉ ሁለተኛ ቁልፍ ማስመዝገብ ከፈለጉ ደግሞ ይህ የሚሠራው ቁልፍ በእጅዎ ሳለ ያድርጉት፤ መኪናዋ የምታውቀው አንድም ቁልፍ ከሌለ ሥራው ይበዛል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። አሮጌውንም ሆነ አዲሱን ሲያስመዘግቡ ባለሙያው ከመጨረሱ በፊት ሁለቱንም በየተራ አስነሥተው ይሞክሩ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ከማኅደሩ ተሰርዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ።


የአዘዞ ነዋሪ

በጥርስ መፋቂያው በቀጥታ ስጫናት አንዳንዴ ትሠራለች፣ አንዳንዴ ትተዋለች፤ ስለዚህ ጎማው ሳይሆን ማብሪያዋ ናት። ቅዳሜ ፒያሳ ወጥቼ አስበይዳታለሁ። ቺፑን አውጥቼ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ስለ ሁለተኛው ቁልፍ ዋጋ ጠይቄ ሳበቃ እዚሁ እጽፋለሁ።